የብረት ጎጆ

አሜሪካ ልጄ ጋ ሦስት ወር ከርሜ ከተመለስኩ ይኸው ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «ከአሜሪካ ምን ይዘህ መጣህ?» እያለ ይጠይቀኛል። ለሴቶቹ ሽቶና ሻርፕ፣ ለወንዶቹ ሸሚዝ፣ ለልጆቹ ቸኮሌት አምጥቻለሁ። ለራሴ ይዤ የመጣሁት ግን ከቀኝ ቅንድቤ ከፍ ብላ የጣት ጥፍር የምታህል ጠባሳ ናት። የዛሬው ወጌ የዚች ጠባሳ ታሪክ ነው።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች እንደምታውቁት እኔ በሙያዬ በያጅ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በር፣ መስኮት፣ አጥርና የደረጃ መደገፊያ እየሠራሁ ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ። እንግዲህ እስከ ዛሬ ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ።

ትልቁ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ደብተሩን ወርውሮ ወደ ሥራ ቦታዬ ይሮጥ ነበር። ሲመሽ ረጅም ገመድ ያለውን የእጅ አምፖል ይዞ ያበራልኛል። እጁ ሲዝል በሌላኛው ይቀይራል እንጂ ደከመኝ አይልም። አንድ ቀን ዕቃ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ማስኬን አጥልቆ፣ መበየጃውን ይዞ ሁለት ቁራጭ ቱቦላሬ ሲያጣብቅ አገኘሁት። ማስኩን ከራሱ ላይ ገፍፌ በጥፊ መታሁት። «ዳግመኛ እዚህ ስትገባ ባገኝህ እግርህን ነው የምሰብረው!» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ለምን እንዲያ አደረግኩ? ዓይኑን ያጠፋል ብዬ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ባለቤቴን ላገባ ሽማግሌ ስልክ ከእናቷ ወገን አንዱ «ልጃችንን ለቀጥቃጭ አንሰጥም» ብለው ነበር። ብረት የሚነካ ሰው ሁሉ ቡዳ ነው የሚባልበት ዘመን ጨርሶ አልሄደም ነበር። ያቺ ቃል ሆዴ ውስጥ ተቀምጣ ኖራለች። ልጄ እንደኔ ግንባሩ በፍንጣሪ እየተቃጠለ እንዲያድግ አልፈለግኩም። ቢሮ የሚገባ፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው እንዲሆን ፈለግኩ። ሆነልኝም። ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው።

አምና ስልክ ደውሎ «መኪና ገዛሁ» አለኝ። እናቱ እልል አለች። ፎቶውን ሲልክልን ግን እልልታዋ ቆመ። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ በጣሪያ ፋንታ ሸራ የለበሰች፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረች ቀይ መኪና! «ሰው አሜሪካ ድረስ ሄዶ አሮጌ መኪና ይገዛል?» አለች። ማዝዳ ሚያታ ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበች ጃፓን ሠራሽ የስፖርት መኪና ናት፤ የልጄ የ1992 ስሪት ነች። ክብደቷ ወደ አንድ ቶን ገደማ ብቻ ነው። መብራቷ ሲጠፋ ኮፈኗ ውስጥ ይደበቃል፤ ሲበራ ብቅ ይላል። የሰባት ዓመት የልጅ ልጄ «አባባ፣ እያት፤ ዓይኗን ከፈተች!» ትለኛለች።

ልጄ መኪናዋን የገዛት ለውድድር ኖሯል። አሜሪካ ውስጥ ለዚህችው ለሚያታ ብቻ የተለየ የውድድር ዘርፍ አለ፤ ባለሙያ ያልሆነ ሰው በዕረፍት ቀኑ የሚወዳደርበት። እኔም በልጅነቴ በንጉሡ ጊዜ ሃይላንድ ራሊ የሚባለው የመኪና ውድድር ሲነሳ ከትልልቆቹ ስር ሆኜ አፌን ከፍቼ እሰማ ነበርና ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። እንግዳ የሆነብኝ ቀጥሎ የነገረኝ ነው። «አባዬ፣ ውድድር ለመግባት ውስጧ ሮል ኬጅ መሠራት አለበት። ከአንተ ጋር ልሠራው እፈልጋለሁ» አለኝ። «አንተ ብየዳ የት ታውቃለህ?» ስለው ትንሽ ዝም አለና «ሁለት ዓመት ማታ ማታ ተማርኩ። አልነገርኩህም እንጂ» አለ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያ ጥፊ ትዝ አለኝ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ሮል ኬጅ ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ሮል ኬጅ መኪና ሲገለበጥ ወይም ሲጋጭ ተሳፋሪው ያለበት ቦታ እንዳይጨፈለቅ ከውስጥ የሚሠራ የብረት ቱቦ አጽም ነው። እኔ ጎጆ ነው ያልኩት። ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ከወለል ተነስቶ ከራስ በላይ ዞሮ በሌላው በኩል ወለል የሚነካ ዋና ቅስት አለ፤ እሱ ምሰሶው ነው። ከቅስቱ አናት ወደ ኋላ የሚወርዱ ሁለት ድጋፎች አሉ። ወደ ፊት የንፋስ መስታወቱን ጠርዝ ተከትለው የሚሄዱ ቱቦዎችና በበሩ በኩል ጎንን የሚጠብቁ ብረቶችም አሉ። ሚያታ ሸራ እንጂ ጣሪያ ስለሌላት ብትገለበጥ መሬት የሚመታው የሹፌሩ ራስ ነው። ስለዚህ ለእሷ ጎጆው ራሱ ጣሪያ ነው።

በነገራችን ላይ በአገራችን ፒክአፕ መኪኖች ጭነት ላይ የሚያብረቀርቅ ቅስት ተተክሎ ታያላችሁ። አብዛኛው ለጌጥ ነው። በስስ ላሜራ ላይ በሁለት ቡሎን የታሰረ ጌጥ መኪና ሲገለበጥ ሰው አያድንም። ልጆቻችሁ እሱን አይተው እንዳይዘናጉ።

ቨርጂኒያ እንደደረስኩ ልጄ የታተመ ደንብ ከምሮ ጠበቀኝ። እኔ በር ስሠራ ደንቤ ዓይኔና ሜትሬ ነበር። እዚያ ግን ሁሉም ተጽፏል። የአሜሪካኖቹ ክለቦች ደንብ በኢንች ነው። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ ደግሞ በሚሊ ሜትር ነውና እሱን ልንገራችሁ። ዋናው ቅስት ውጫዊ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ሆኖ የግድግዳው ውፍረት 2.5፣ ወይም ስፋቱ 50 ሆኖ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሌሎቹ ቱቦዎች ከ38 በ2.5፣ ወይም ከ40 በ2 ማነስ የለባቸውም። ቱቦው ስፌት የሌለው፣ በቀዝቃዛው የተሳበ ብረት መሆን ይኖርበታል። የውሃ ቧንቧ አይሆንም፤ እኛ መስኮት የምንሠራበት ቱቦላሬም አይሆንም። ዋናው ቅስት ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ቱቦ ነው፤ መሃሉ ላይ ቀጥል የለውም።

የመጀመሪያው ክርክራችን ቱቦ ማጠፍ ላይ ነበር። እኔ ክብ ቱቦ የማጥፈው የተማርኩበት ጊዜ እንደሚታጠፈው ነው፤ ደረቅ አሸዋ ሞልቼ፣ ጫፉን ደፍኜ፣ በእሳት አቅልቼ። ይህንኑ ስነግረው ሳቀ። ደንቡ በእሳት ማጠፍን ይከለክላል። በማሽን በቀዝቃዛው ነው የሚታጠፈው፤ የእጥፋቱም ሬዲየስ ቢያንስ የቱቦውን ስፋት ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ከዚያ ከጠበበ ብረቱ ይጨማደዳል ወይም ይጠፈጠፋል፤ የተጠፈጠፈ ቱቦ ደግሞ ሲጫኑት ቀድሞ የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው። አንዱ ቅስት ሲታጠፍ ውስጡ ላይ ትንሽ ጭምድድ ወጣበት። እኔ በመዶሻ ቀስ አድርጌ ላቃናው ስነሳ ልጄ አንስቶ ጥግ ጣለው። አንድ ሙሉ ቱቦ! «ገንዘብ እየጣልክ ነው» ብዬ ተቆጣሁ። «ራሴን ከምጥል ይሻላል» አለኝ።

ሁለተኛው ነገር ሰያፍ ነው። እዚህ ላይ እንኳ ተማሪው እሱ፣ መምህሩ እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያው ንድፉ ያምራል፤ ግን ዋናው ቅስት መሃሉ ባዶ ነበር። «ይህን ማን ነው የነገረህ?» አልኩት። የግቢ በር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፦ አራት ማዕዘን ብረት ሰያፍ ካልገባበት በዓመቱ ይወርዳል፤ መሬት እየጫረ ይከፈታል። አራቱም ጥግ ጠንክሮ ቢበየድ እንኳ ከጎን ሲገፉት ይዘማል። ከጥግ ወደ ጥግ አንድ ሰያፍ ሲገባ ግን ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ሦስት ማዕዘን ደግሞ ብረቱ ራሱ ካልተጣጠፈ ቅርጹን አይለቅም። ከጋራዡ ጥግ አራት ቁራጭ እንጨት አንስቼ በአንድ አንድ ምስማር መትቼ አሳየሁት፤ በጣቱ ሲገፋው ተንጋደደ። አምስተኛውን በሰያፍ መታሁበት፤ በሁለት እጁ ገፋው፤ እምቢ አለው። ልጄ ደንቡን ገልጦ ሲያይ ሰያፍ ግዴታ ነው ይላል፤ ዘሎት ኖሯል። ያን ቀን ማታ እራት ላይ ለሚስቱ ሦስት ጊዜ ነገራት። እኔም አልከፋኝም።

ሦስተኛው መሠረቱ ነው። የመኪና ወለል ስስ ላሜራ ነው፤ የአሮጌ መኪና ደግሞ ዝገት በልቶታል። በሚያታ ከበሩ ስር ያለው ጠርዝ ውስጥ ለውስጥ ይዝጋል። ጠንካራ ቱቦ በስስ ላሜራ ላይ ብታቆሙ መኪናው ሲገለበጥ ቱቦው እንደ ሚስማር ወለሉን በስቶ ይወርዳል። ስለዚህ የእያንዳንዱ እግር ማረፊያ ሰፊ ሰሌዳ ያስፈልገዋል። የፌዴሬሽኑ ደንብ ለዋናው ቅስት እግሮች ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 120 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ስፋት ይላል፤ አሥር በአሥራ ሁለት ማለት ነው። እኛ ሰሌዳውን አጥፈን ከወለሉም ከጎኑ ግድግዳም ጋር በየድነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የዛገውን ቆርጠን አውጥተን በአዲስ ላሜራ ተካን። የልጅ ልጄ «መኪናዋን አፈረሳችኋት!» ብላ ልታለቅስ ደርሳ ነበር።

እሳት ከመነሳቱ በፊት የሚደረገውንም ልንገራችሁ፤ ይህ ለሰፈር ጋራዥም ይጠቅማል። ባትሪው ተፈታ። ወንበሩ፣ ምንጣፉ፣ ዳሽቦርዱ ሁሉ ወጣ። ወለሉ ላይ ድምፅ እንዲያፍን የተለጠፈው ሬንጅ መሳይ ነገር ይቀጣጠላልና ተፋቀ። የሚያታ የነዳጅ ታንክ ከወንበሮቹ ኋላ ነው፤ የኋላ ድጋፎች የሚበየዱትም እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ነዳጁን ቀድተን ታንኩን አወጣነው። ፍንጣሪ መስታወት ላይ ካረፈ ቀልጦ ይጣበቃልና መስታወቱን ሸፈንነው። ሥራ ባቆምን ቁጥር እሳት ማጥፊያውን አጠገባችን አድርገን አንድ ሰዓት ያህል እንጠብቃለን፤ የተደበቀ ፍም ዘግይቶ ነው የሚነሳው። ሻይ የምንጠጣውና ብዙ የተጨዋወትነው በዚያች ሰዓት ነው።

ከፍታውን የለካነው በመጥረጊያ እንጨት ነው። አትሳቁ፤ እውነቴን ነው። ሹፌሩ ሄልሜቱን አድርጎ፣ ቀበቶውን አስሮ ይቀመጣል። ረጅም ዘንግ ከዋናው ቅስት አናት እስከ ፊተኛው ይዘረጋል። ሄልሜቱ ዘንጉን ከነካ ጎጆው አጥሯል፤ መሬት ከብረቱ በፊት ራሱን ያገኘዋል ማለት ነው። መጥረጊያውን የምታመጣው የልጅ ልጄ ነበረች። ልጄ ረጅም ነው፤ ሄልሜቱ ዘንጉን አልፎ ወጣ። ወንበሩ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ አውጥተን ወንበሩን ዝቅ አድርገን ወለሉ ላይ አሰርነው። እንደገና መጥረጊያ። «አሁን አልነካውም!» ብላ አጨበጨበች።

ግንባሬ የተመታው ከዚህ በኋላ ነው። ጎጆው ሙሉ በሙሉ አልተበየደም፤ በነጥብ በነጥብ ተይዟል። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አንዱን መገጣጠሚያ ሳይ የልጅ ልጄ ከኋላ ጠራችኝ። ዞር ስል ግንባሬ ከቱቦው ጋር ተገናኘ። መኪናዋ ቆማለች፤ እኔ የዞርኩት ሰው በተጠራበት ፍጥነት ነው። ግን ኮከብ አየሁ፤ ደሜ እስከ ቅንድቤ ወረደ። ምራቴ በረዶ ይዛ ሮጠች። «አባባ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» ብትለኝም እምቢ አልኩ።

ማታ ግንባሬ እየጠዘጠዘኝ አሰብኩ። ልጄ ከመነሻው የነገረኝ መኪናዋ በሥራ ቀን ከተማ ውስጥ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ልጁን አይስክሬም ለማብላት እንደምታገለግል ነበር። እኔም ለሕፃኗ «ጎጆዋ ስታልቅ አንቺ ነሽ መጀመሪያ የምትሄጂባት» ብዬ ቃል ሰጥቻታለሁ። ቆሜ ሳለሁ እንዲህ ያደረገኝ ቱቦ በስልሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትጋጭ የልጅቷን ራስ ምን ያደርገዋል? ውድድር ላይ ሹፌሩ ሄልሜት አለው፣ ከወንበሩ ጋር ጥፍር አድርጎ የሚያስረው ቀበቶ አለው። አይስክሬም ለመብላት ግን ማን ሄልሜት ያደርጋል? ቱቦው ላይ የሚለበደው ስፖንጅ እንኳ ጠንካራ ነው፤ የተሠራው ለሄልሜት እንጂ ለባዶ ራስ አይደለም።

ጠዋት ነገርኩት። «ይህ ጎጆ ሄልሜት ላለው ሰው ጎጆ ነው፤ ሄልሜት ለሌለው መዶሻ ነው» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ቡናውን ይዞ ወደ ጋራዡ ሄዶ ረጅም ጊዜ ቆመ። ሲመለስ «አባዬ፣ ደንቡ ላይ አንብቤዋለሁ። ሁለት መኪና የመያዝ አቅም ስለሌለኝ ነው እንዳላየሁ ያለፍኩት» አለኝ። ምራቴም ሰማች። ሦስታችን ተቀምጠን ሒሳብ ሠራን። በመጨረሻ የሚስቱን መኪና ለሁለት ሊጠቀሙ፣ ሚያታ ደግሞ ታርጋዋን መልሳ በተከራዩት ተጎታች ብቻ ወደ ውድድር ልትሄድ ተስማሙ። የጎን ወንበሯ ተፈታ። የከበደው ለሕፃኗ መንገሩ ነበር። ቃሌን ያጠፍኩት እኔ ነኝና እኔው ነገርኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። አያት የሆናችሁ ሁለት ቀን ምን ያህል እንደሚረዝም ታውቃላችሁ።

ብየዳው ተጀመረ። ልጄ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል። በኤሌክትሮድ አልነበረም፤ ጋዝ እየነፋ ሽቦ በሚለቀው፣ ሚግ በሚሉት ማሽን ነው። እጄ በአንድ ቀን ለመደው። ቱቦ ከቱቦ ሲጋጠም የአንዱ ጫፍ የሌላውን ክብ አቅፎ እንዲቀመጥ ተደርጎ ይጠረባል። እኛ በር ላይ ክፍተት ካለ በብየዳ እንሞላዋለን፤ እዚያ ግን ክፍተት ካለ ቱቦው እንደገና ይጠረባል።

አንድ ከሰዓት የሠራሁትን መገጣጠሚያ በግራይንደር አለስልሼ፣ መስታወት አስመስዬ ጠበቅኩት። ይመሰግነኛል ብዬ! ፊቱ ተለወጠ። «አባዬ፣ ጥንካሬውን እኮ ላጭከው» አለኝ። ለካ የብየዳው እብጠት ራሱ ሥጋ ነው፤ ሲላጭ መገጣጠሚያው ይሳሳል፤ መርማሪም ከስር ያለው ብየዳ ጥሩ ይሁን መጥፎ ሊያይ አይችልም። ዕድሜ ልኬን ደንበኛ በእጁ ዳስሶ «እንዴት ይለሰልሳል!» እንዲለኝ ስሠራ ኖሬ፣ ልጄ ሻካራውን ተወው አለኝ። ተናደድኩ። «እኔን ብየዳ ልታስተምረኝ ነው?» አልኩት። እሱም ድምፁን ሳያነሳ «አንተ ብታስተምረኝ ኖሮ አንተን አላስተምርህም ነበር» አለኝ።

ያን ቀን ሁለታችንም ሌላ ነገር አልተናገርንም።

መኪናዋ ውድድር ከመግባቷ በፊት መርማሪ አይቶ የራሷን መዝገብ ይከፍትላታል። ቀኑ ደረሰና ጭነናት ሄድን። መርማሪው ሽበታም፣ ረጋ ያለ ሰውዬ ነው። ቱቦው ላይ በደንቡ መሠረት አስቀድመን የበሳናት ትንሽ ቀዳዳ ነበረች፤ የግድግዳውን ውፍረት በእሷ ለካ። ሰሌዳዎቹን አየ። ቀጥሎ የጥርስ ሐኪም የሚይዛት ዓይነት ትንሽ መስታወት አውጥቶ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ከኋላው ያይ ጀመር። ዋናው ቅስት፣ ሰያፉና የኋላው ድጋፍ የሚገናኙበት የላይኛው ጥግ ላይ ሲደርስ ቆመ። መስታወቱን አዞረ። ልጄን ጠርቶ አሳየው። ቱቦው ዙሪያውን መበየድ ሲገባው ከውስጥ በኩል አንድ ሦስተኛው ባዶ ነበር።

ያ ጥግ የእኔ ነው።

አላየሁትም ነበር ብል እዋሻችኋለሁ። አይቼዋለሁ። ቀድሞ መበየድ የነበረበት ሌላው ቱቦ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከገባ በኋላ የመበየጃው አፍ አልደርስ አለ። ጉልበቴ አሞኝ ነበር፤ ከልጄም ጋር በዚያች ቃል ተኳርፈን ነበር። «ጨረስክ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ጨርሻለሁ» አልኩት። በር ስሠራ በግድግዳ በኩል ያለውን ማንም አያየውም፤ ሦስት ጎን በይደህ አራተኛውን ብትተወው በሩ አይወድቅም። በዚያ ልማድ የልጄን ራስ ከሚይዘው መገጣጠሚያ አንድ ሦስተኛውን ትቼ ወጣሁ። ያ ሰውዬ መስታወቱን ባያወጣስ ኖሮ?

ሳንወዳደር ተመለስን። መንገድ ላይ ቃል አልተነፈሰም። እኔም እንደ ጥፋተኛ ሕፃን በመስኮት ወደ ውጭ ሳይ ቆየሁ። ቤት ስንደርስ መሽቶ ነበር። ሞተሩን አጠፋና እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ፣ «አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ።

«አፍሬ ነው» አልኩት። ከዚያ ሳላስበው ሌላው ተከተለ። «ያኔ የመታሁህም አፍሬ ነው። በአንተ አይደለም፤ በሥራዬ ነው። እንደኔ እንዳትሰደብ ብዬ ነው።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «እኔ እኮ መጥፎ በይጄ የመታኸኝ ነበር የመሰለኝ» አለኝ። «ሁለት ዓመት ማታ የተማርኩት ብየዳዬ መጥፎ አለመሆኑን ላሳይህ ነው።»

ወገኖቼ፣ ያ ልጅ ሃያ ዓመት ከዚህ ጋር ኖሯል። እኔ አንድ ነገር ብዬ የመታሁት፣ እሱ ሌላ ሰምቶ አደገ። ከልጆቻችን አንድ ነገር ስንከለክል ምክንያቱን አብረን ካልነገርናቸው ምክንያቱን ራሳቸው ይፈጥሩታል፤ የሚፈጥሩት ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነተኛው የከፋ ነው።

በማግስቱ ሰያፉን ከላይ ቆርጠን አወጣነው። የተደበቀው ጥግ ፊት ለፊት ታየ። መበየጃውን አንስቼ ልሰጠው ስል «አንተ ሥራው» አለኝ። «አይሆንም፤ ያንተ ራስ ነው፤ ያንተ እጅ ይሥራው» አልኩት። ጋራዡ ጨለም ያለ ነው፤ ጥጉም ወደ ውስጥ የገባ ነው። ገመድ ያለውን አምፖል አነሳሁና ማስኬን አድርጌ አጠገቡ ቆሜ አበራሁለት። ቀስ ብሎ ዙሪያውን በየደው። ከዚያ አዲስ ሰያፍ ጠርበን አስገባን። እጄ ሲዝል በሌላኛው ቀየርኩ።

የልጅ ልጄ ከበሩ ውጭ ሆና «አባባ፣ እኔም ልያዝ?» ትላለች። አባቷ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። «ብየዳው ይለቅና ትይዛለሽ፤ ለጊዜው ዓይንሽን አዙሪ» አላት። ሲጨርስ ጠርቶ አምፖሉን ሰጣት። ከዚያ የሐኪም መስታወት የመሰለችውን ገዝቶ ኖሮ፣ እሷ እያበራች ሦስታችን አየነው። ዙሪያው ሙሉ ነው። ሻካራ ነው፤ አልተላጨም።

በሁለተኛው ምርመራ መዝገቡ ተከፈተላት። የመጀመሪያ ውድድሩ ላይ እኔ ወደ አገሬ ተመልሼ ነበር፤ ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣ አሉኝ። እናቱ ስልኩን ነጥቃ «ለሁለተኛነት ነው ይህን ሁሉ ወር የደከማችሁት?» ብላ ጠየቀችው። «ከመጨረሻ ሁለተኛ፣ እማዬ» አላት እየሳቀ። እሷም «በሕይወት ወጣህ አይደል? እሱ ይበቃኛል» ብላ መለሰችልኝ።

ጠባሳዋ እንደሆነች ሳትደበዝዝ አልቀረችም። ሐኪሙ ቅባት ልስጥህ ሲለኝ ተወው ብዬዋለሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።